ቤሊ ዳንስ ላይ ታችኛው ወገቤ ቋ ይላል

ጥያቄ፦ ዳሌዬን በትልቁ ሳዞር፣ ክቡ ወደ ኋላ ሲደርስ፣ ከወገቤ በታች በቀኝ በኩል ቋ ይላል። አያመኝም፤ ግን በየዙሩ ይደጋገማል። ላቁም ወይስ ልቀጥል?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ሕመም የሌለው ድምፅ ብቻውን ጉዳት አይደለም። በመገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ግፊት ሲቀንስ የጋዝ አረፋ ይፈጠርና ቋ ይላል። እንዲህ ያለው ግን ወዲያው አይደገምም፤ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። በየዙሩ ከተሰማ ጅማት አጥንት ላይ እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። ጣቶችሽን ብሽሽትሽ ላይ አድርገሽ ቀስ ብለሽ አዙሪ። እዚያ ሲነጥር ከተሰማሽ ምንጩ ዳሌ እንጂ ወገብ አይደለም።

መልስ 2፦ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጉልበትን ነው። ጉልበት ቀጥ ብሎ ሲቆለፍ ዳሌ መንቀሳቀሻ ያጣል፤ እንቅስቃሴውን ወገብ ይሸከመዋል። ክቡ ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ መቀመጫ ወደ ላይ ይወጣና ወገብ ይሰረጉዳል፤ የአከርካሪ አጥንት የኋላ መገጣጠሚያዎች እርስ በርስ ይጫናሉ። ጉልበትሽን ላላ አድርጊ፣ መቀመጫሽን ወደ መሬት አውርጂ፣ ከእምብርት በታች ያለውን ሆድ በመጠኑ ሳብ አድርጊ። ክቡን በግማሽ አሳንሺና በዝግታ አዙሪ። ድምፁ ከጠፋ ቀስ በቀስ አስፊው። ሆን ብሎ ማንቋቋቱን ግን ተዪው።

መልስ 3፦ ከላይ ባለው ላይ 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ ጨምሪ። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ ዳሌን ማንሳት፣ 10 ጊዜ በ2 ዙር፣ የመቀመጫን ጡንቻ ያጠነክራል። ሕመም ከመጣ ወይም እግር ከደነዘዘ ሐኪም ይይሽ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም በጭን መካከል ከደነዘዘ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ለነገ አይባልም።