የሕግ ትምህርት ቤት ማመልከቻና የትዳር ጊዜ

ጥያቄ፦
ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ የምንኖረው በሜሪላንድ ሲሆን ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። ቀን እየሠራሁ ማታ ማታ ኤልሳት ለተባለው የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አጠናለሁ። ባለቤቴ በሁሉም ነገር ይደግፈኛል፤ ይሁን እንጂ ዓርብ ማታ ልጆቹን ለእናቴ ትተን ሁለታችን ብቻ እራት የምንበላበት ልማዳችን ከተቋረጠ ሰንብቷል፣ ይህም በእጅጉ ያሳስበኛል። በዚህ ያለፋችሁ እንዴት ተወጣችሁት?

መልስ፦
እህቴ፣ የጥናት ሰዓትሽን ከመደልደልሽ በፊት የዓርቡን ምሽት አስቀድመሽ ለትዳርሽ ለዪው፤ የተረፈ ጊዜ ከተጠበቀ ፈጽሞ አይገኝምና። እያንዳንዱ የፈተናው ክፍል 35 ደቂቃ ስለሆነ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንዱን ክፍል ሠርቶ የተሳሳቱትን ጥያቄዎች በጥሞና መመርመር ለአንድ ምሽት በቂ ነው። የሎጂክ ጨዋታ የሚባለው ክፍል ከኦገስት 2024 ጀምሮ ስለቀረ፣ በቆዩ መጻሕፍት የምታጠኚ ከሆነ በእርሱ ላይ ጊዜ አታጥፊ።

ሌላ መልስ፦
ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻዎችን እንደ አመጣጣቸው እየመረመሩ ስለሚወስኑ ቀደም ብሎ በመከር ወራት ማስገባት ይጠቅማል። ከዚያ በላይ ግን የማታውን ትምህርት አስቡበት፤ ለምሳሌ በዋሽንግተን ዲሲ ያለው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የማታ መርሐ ግብር አለው፣ ሦስት ዓመት የሚፈጀው ትምህርትም በዚህ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት ይወስዳል። ይህ የአንቺ ብቻ ሳይሆን የባለቤትሽም ውሳኔ ነው፤ ማታ ልጆቹን የሚያስተኛው እርሱ ይሆናልና።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ማታው ትምህርት ከባለቤቴ ጋር ገና ስላልተነጋገርን፣ በዚህ ዓርብ አነሣለታለሁ።