ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፦ መንገዱ ሲሻሻል ሕዝቡ መቼና የት ይጠየቅ?

ከአስተባባሪው፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በእንጅባራ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው አውራ ጎዳና በሚሻሻልበት ጊዜ የነዋሪው ሐሳብ በዲዛይኑ ውስጥ እንዲካተት የምንጠይቅበትን ረቂቅ ለውይይት አቅርቤአለሁ። የሕግ መሠረታችን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ሲሆን፣ እርሱም ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በረቂቁ የመጀመሪያ አንቀጽ «በየወረዳው አንድ የሕዝብ ስብሰባ ይካሄድ» ብዬ ጽፌአለሁ፤ እባካችሁ አርሙኝ።

ከደምበጫ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፦
አስተባባሪያችንን ለድካማቸው እያመሰገንሁ፣ ይህ አንቀጽ ግን እንዳለ ባይሄድ እመርጣለሁ። ከዓመታት በፊት ለሌላ መንገድ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ካርታው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መሐንዲሱ መስመሩን በጣቱ ሲያሳይ፣ ከኋላ የተቀመጠው ገበሬ ማሳው በካርታው ላይ የት እንደሚገኝ እንኳ ሳይለይ አጨብጭቦ ወጣ፤ በቃለ ጉባኤው ላይ «ሕዝቡ ተስማምቷል» ተብሎ ተጻፈ። ስለዚህ «ስብሰባ» የሚለው ቃል «በመንገዱ ላይ በእግር የሚደረግ ጉብኝት» በሚል ቢተካ፣ ሰውም የሚናገረውን በደጃፉ ቆሞ እያሳየ ቢናገር ይሻላል።

ከሉማሜ፣ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ፦
የመምህሩን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ጉብኝቱ በየትኛው ወር ይሁን የሚለው ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ዲዛይን የሚሠሩ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ለመኪና በሚመች በበጋ ነው፤ በጥር ደረቅ የሆነው ቦይ በነሐሴ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ከቦዩ በታች የሚያርሰው ሰው ነው። አስፋልት ቀድሞ በሰፊው ተበትኖ ይወርድ የነበረውን ጎርፍ ይሰበስብና ከመንገዱ ሥር በሚያልፍ አንድ ቱቦ አፍ ያወጣዋል፤ ከቱቦው በታች ጎርፉን የሚቀበል የተነጠፈ ድንጋይ ወይም እስከ ወንዝ የሚያደርስ ቦይ ከሌለ፣ ማሳው በጥቂት ክረምት ሸለቆ ይሆናል። በእኛ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በመንገዱ ዳር የተኛ ውሃ ገበሬውን ብቻ ሳይሆን አስፋልቱንም ይጎዳል። ውሃ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው የዓባይ በረሃ የጃፓን ባለሙያዎች የመሬት መንሸራተቱን ለብቻው እስከ ማጥናት ደርሰዋል። በዚያው በዓባይ ላይ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ ምንም ያህል ቢያምር፣ ወደ እርሱ የሚያደርሰው ቁልቁለት ከተንሸራተተ ምን ይጠቅማል? በሰነዳችን ውስጥ እያንዳንዱ ቱቦ የሚፈስበት ማሳ ባለቤት አስቀድሞ እንዲጠየቅ የሚል ዐረፍተ ነገር እንዲገባ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከቡሬ፣ የምግብ ቤት ባለቤት፦
መንገዱ ከተማውን ዞሮ ይለፍ የሚል ሐሳብ በረቂቁ አምስተኛ አንቀጽ ላይ አይቻለሁ። ቡሬ የነቀምቱ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ በመሆኗ ብዙዎቻችን የምንኖረው በመንገደኛ ነው። በሌላ በኩል፣ ከባድ መኪኖች በአስፋልቱ ዳርና ዳር ሲቆሙ ልጆች ከመኪና ጀርባ ድንገት ብቅ እያሉ እንደሚያቋርጡ አልክድም። እኔ የምጠይቀው የጭነት መኪና ማቆሚያ ቦታ እንዲዘጋጅ ነው።

ከእንጅባራ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ፦
በእኛ ዘንድ የመንገዱ ተጠቃሚ መኪና ብቻ አይደለም፤ ጋሪ፣ የጭነት አህያና ከብት በየቀኑ ይጓዙበታል፣ ጥር 23 ደግሞ በአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረሰኞች ከየአቅጣጫው ወደ ከተማው ይገባሉ። ለእግረኛና ለእንስሳት የሚሆን ሰፊ የመንገድ ትከሻ፣ ከብት ወደ ግጦሽ በሚሻገርበት ቦታም በሥሩ ማሳለፍ የሚችል ከፍ ያለ ድልድይ እንጠይቅ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተመረቀው የዓባይ ድልድይ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሠርቶለታል፤ ለከተማ የታሰበው ለገጠር የማይታሰብበት ምክንያት አይታየኝም።

ከአስተባባሪው፦
አምስተኛውን አንቀጽ አንሥቻለሁ፤ በምትኩ ሁለቱም መስመሮች ከነጥቅምና ጉዳታቸው ለከተማው ነዋሪ ቀርበው ከመወሰናቸው በፊት አስተያየት ይሰጥባቸው የሚል ገብቷል፣ የማቆሚያ ቦታውም ታክሏል። የመንገድ ትከሻውና የከብት ማሳለፊያው ስድስተኛ አንቀጽ ሆነዋል። የመጀመሪያው አንቀጽ አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «ዲዛይኑ ከመጽደቁ በፊት የመንገዱ መስመር ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት ሌላው በየካቲት፣ ከየቀበሌው ነዋሪዎች ጋር በእግር ይታይ፤ የተነገረው በቦታው ላይ ይጻፍ፣ ለተናጋሪውም ይነበብለት፤ ተቀባይነት ያላገኘ ሐሳብም ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽ።» የቱቦዎቹ ጉዳይ ራሱን ችሎ ሁለተኛ አንቀጽ ሆኗል።

ከመርዓዊ፣ ቄስ፦
ሁሉም መልካም ነው፤ ቀኑን ግን አስተካክሉት። በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ካህናቱም፣ ሱባዔ የገቡት እናቶችና አባቶችም አይገኙላችሁም። ነሐሴ 21 ቢሆን በማርያም ቀን ገበሬው ስለማያርስ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ይመጣል፤ ዝናቡም ገና አይወጣም።

ከአስተባባሪው፦
አባታችን፣ ተስተካክሏል። ነሐሴ 21፣ ከቅዳሴ በኋላ።