ልጄ የሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ረዳት አሰልጣኝ ልሁን አለችኝ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሜሪላንዱ አባት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትልቋ ልጄ አሜሪካ ውስጥ ዲቪዥን ቱ (ሁለተኛው የውድድር ደረጃ) ኮሌጅ ውስጥ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች፣ ዘንድሮ በአካውንቲንግ ትመረቃለች። ሥራ ትይዛለች ብለን ስንጠብቅ ረዳት አሰልጣኝ ነው መሆን የምፈልገው ብላ ቁርጡን ነገረችን። እናቷ እንቅልፍ አጥታለች። እኔ ልከለክላት አልፈልግም፣ ግን እንጀራ ይሆናል ወይ? ከየት ይጀመራል? ዕድሜዋን ሙሉ ረዳት ሆና ብትቀርስ? የምታውቁ እውነቱን ንገሩኝ።

ሚሚ ኦሃዮ፦
ጋሼ፣ እንኳን ለምርቃቷ አደረሳችሁ። እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ግራጁዌት አሲስታንት (እየተማረ ቡድኑን የሚያግዝ ረዳት) ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ብዙ ሰው የሚገባው በዚህ በር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኮሌጁ የትምህርት ክፍያውን ይችላል፣ ከዚያ ውጪ የሚሰጠው ገንዘብ ትንሽ ነው። ሥራው ግን ትንሽ አይደለም። ነገ ጨዋታ ካለ ማታውን ላፕቶፕ ላይ አፍጥጬ የተጋጣሚን ቪዲዮ ስቆራርጥ ነበር የማመሸው፤ የትኛዋ ናት ወደ ግራ መሄድ የማትችለው፣ ከመስመር ውጪ ኳስ ሲያስገቡ ማን ነው ነፃ የሚወጣው፣ እሱን ሁሉ ጠዋት ለልጆቹ በጥቂት ደቂቃ ማስረዳት አለ።

ዋናው ነገር ግን ምልመላ ነው። ጁላይ ላይ ከአዳራሽ አዳራሽ እየዞሩ የሃይስኩል ልጆችን ማየት፣ ከዚያ ልጅቷን ብቻ ሳይሆን እናቷንም አያቷንም ማሳመን። አሁን ደግሞ ትራንስፈር ፖርታል፣ ማለትም ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች የሚመዘገቡበት መዝገብ፣ ስላለ ስንት የተደከመባት ልጅ በጸደይ ተነስታ ልትሄድ ትችላለች። ሰው የምትወድ ልጅ ከሆነች ትዘልቃለች።

ዳዊት፦
ወንድሜ፣ የእናቷ ጭንቀት ይገባኛል። ዋናው አሰልጣኝ ሲባረር ረዳቶቹም ብዙ ጊዜ አብረው ነው የሚወጡት፣ አዲሱ የራሱን ሰዎች ይዞ ይመጣል። አንዲት የቅርብ ዘመዴ ቤት ተከራይታ ልጇን ትምህርት ቤት አስገብታ ገና ሳትደላደል ቡድኑ ስለተሸነፈ ብቻ ሌላ ስቴት ሄዳ ሥራ መፈለግ ግድ ሆነባት። እሷ ምንም አላጠፋችም። ስለዚህ የአካውንቲንጉን ነገር ጭራሽ እንዳትተወው።

ቃልኪዳን፦
ዳዊት ያለው እውነት ነው፣ ግን ረዳት ሆኖ መኖርን እንደ ውድቀት አትዩት። ክሪስ ዴይሊ ከዋና አሰልጣኙ ከጂኖ ኦሪያማ ጋር ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የገባችው በ1985 ነው። እስከ 2025 ድረስ 12 የአገር ዋንጫ ሲበላ ከጎኑ ነበረች፣ በ2018 ደግሞ በሴቶች ቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ ስሟ ሰፍሯል። ጃን ጀንሰንን እዩ፣ ከ2000 ጀምሮ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዋና አሰልጣኟ የሊሳ ብሉደር ረዳት ሆና ከቅርጫቱ ሥር የሚጫወቱትን ስታሠለጥን ቆየች፣ በ2019 የአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የተባለችው ሜጋን ጉስታፍሰን የእሷ እጅ ሥራ ናት። ብሉደር በ2024 ጡረታ ስትወጣ ቡድኑን የተረከበችው ጀንሰን ናት። ኒል አይቪም ኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ ረዳት ነበረች፣ አንድ የውድድር ዘመን በወንዶቹ ፕሮፌሽናል ሊግ በኤንቢኤ ለሜምፊስ ቡድን ሠርታ በ2020 ዋና ሆና ተመለሰች።

ደግሞ በሩ ሰፋ ብሏል። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ በ2023 ለዲቪዥን ዋን (ለከፍተኛው ደረጃ) ቡድኖች ሁለት ተጨማሪ ረዳት ፈቅዷል፣ ያኔ ሲፈቀድ ከግቢ ወጥተው መመልመል ባይችሉም ማሠልጠን ይችሉ ነበር። ለጀማሪ ጥሩ ነው።

የሜሪላንዱ አባት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለእናቷም አነብላታለሁ። ሚሚ፣ ግራጁዌት አሲስታንት ሆና ማስተርሷን በአካውንቲንግ መማር ትችላለች?

ሚሚ ኦሃዮ፦
ኮሌጁ ፕሮግራሙ ካለው ትችላለች ጋሼ፣ ግን ትምህርቱ ከልምምድና ከጉዞ ጋር እንዳይጋጭ አስቀድማ ትጠይቅ። የአሁኑ አሰልጣኟ ለምታውቃቸው አሰልጣኞች ስልክ እንድትደውልላት ትለምናት፣ በዚህ ሙያ ከሲቪ ይልቅ የሚያስገባው የሰው ምስክርነት ነው። የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች ማኅበርም ፋይናል ፎር (የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ውድድር) ሰሞን ለተመራቂ ተጫዋቾች የሚሰጠው ሥልጠና አለ፣ ትመዝገብ። ቦታ በብዛት የሚከፈተው ውድድሩ ካለቀ በኋላ ኤፕሪልና ሜይ ላይ ስለሆነ ለአሰልጣኞች ኢሜይል መላኩን ከአሁኑ ትጀምር።