የምሽት ዝግጅቶቻችንን የለወጣቸው ተመልካቹ ነው ወይስ ስፖንሰሩ?

ጠያቂ (የእሑድ ምሽት)
ጤና ይስጥልኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቅዳሜና እሑድ ማታ ቴሌቪዥን ስንከፍት በቢራ ፋብሪካዎች ስፖንሰርነት የሚቀርቡ የሙዚቃና የውድድር ዝግጅቶች ይበዙ ነበር። ዛሬ በዚያው ሰዓት የማገኘው በአብዛኛው ስለ አፓርታማ ሽያጭ የሚያወራ ዝግጅት ወይም ማለቂያ የሌለው ቃለ ምልልስ ነው። ለውጡ የመጣው የእኛ ፍላጎት ስለተቀየረ ነው ወይስ ከፋዩ ስለተቀየረ? በሙያው ውስጥ ያላችሁ ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

ተባባሪ አዘጋጅ
ከፋዩ ስለተቀየረ ነው ብል ከእውነቱ የምርቅ አይመስለኝም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በብሮድካስት መገናኛ ብዙኃን እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። ብዙ ሰው የተቋረጠው በየመሀሉ የሚገባው አጭር ማስታወቂያ ብቻ ይመስለዋል። ከጣቢያ የአየር ሰዓት ገዝተን ለምንሠራ ሰዎች ግን የቢራው ገንዘብ የሰዓቱን ክፍያ ብቻ ሳይሆን የባንዱን፣ የመድረኩን፣ የመብራቱንና የካሜራ ባለሙያዎቹን ወጪ ጭምር የሚሸፍን ነበር። ያ ገንዘብ ሲቀር አዘጋጁ ባንዱን አሰናብቶ፣ ሁለት ወንበር አስቀምጦ እንግዳ መጠየቅ ጀመረ፤ ቃለ ምልልስ የበዛው ከሁሉም ርካሽ ስለሆነ ነው። በቢራው ቦታ የመጡት ባንኮችና የሪል ስቴት ድርጅቶች ደግሞ የሚፈልጉት ሌላ ነው። ቢራ ስሙ ከጨዋታ ጋር ከተነሣለት ይበቃው ነበር፤ ቤት ሻጩ ግን ስለ ቅድሚያ ክፍያው፣ ስለ ካሬ ሜትሩና ስለ ርክክቡ በዝርዝር እንዲነገርለት ስለሚሻ ማስታወቂያው ራሱ ፕሮግራም ሆኖ ቁጭ ይላል። በእኔ እምነት ተመልካቹን ከሁሉ በላይ ያሰለቸው ይህ ነው።

ዲሽ ያለው
የተባለው እውነት ቢሆንም ተመልካቹን ጨርሶ ከሒሳቡ ማውጣት አይገባም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ የቱርክና የሌሎች አገሮች ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ የአገራችን የጥበብ ባለሙያዎች አጥብቀው ተቃውመዋል። ይሁንና የከተማው ቤተሰብ ቋንቋውን ሳይሰማ እንኳ በዲሹ የዓረብ ጣቢያዎችን ሲመለከት የኖረ ነው፤ ቃና ፈላጊውን አዲስ አልፈጠረውም፣ የነበረውን አገኘው እንጂ። በሌላ በኩል የተመልካች ብዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ድርጅት ሲቢኤስ በ1971 እ.ኤ.አ. ገና ብዙ ተመልካች የነበራቸውን የገጠር ሕይወት ዝግጅቶች በአንድነት ያቋረጠው፣ አስተዋዋቂዎች ከዕድሜ ጠገቡ የገጠር ተመልካች ይልቅ ሸማች የሆነውን የከተማ ወጣት በመፈለጋቸው ነበር።

አርታኢ (ኤዲተር)
አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ብዙ ዝግጅት ተቆርጦ የሚቀናበረው ለቴሌቪዥኑ ብቻ ሳይሆን ለዩቲዩብም ታስቦ ነው። የዩቲዩብ የማስታወቂያ ዋጋ እንደ ተመልካቹ መኖሪያ አገር ስለሚለያይ፣ ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ ተቀምጦ የሚያይ ወገናችን አዲስ አበባ ካለው ተመልካች የበለጠ ገቢ ያስገኛል። ቪዲዮው ከ8 ደቂቃ ካለፈ ደግሞ በመሀሉ ማስታወቂያ ማስገባት ይቻላል። ስለዚህ እንግዳው ወደ ዋናው ጉዳይ ሊገባ ሲል «ክፍል ሁለት ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ብትናደዱ አይፈረድባችሁም፤ ያ ቦታ የሚመረጠው ሆን ተብሎ ነው፣ ብዙ ጊዜም ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ከአዘጋጁ ጋር እንነጋገርበታለን።