የተቃጠሉ ቤቶችን ለማስረጃ ፎቶ ማንሳት፦ የሠርግ ፎቶ አንሺ ምን መቀየር አለበት?

ባሶ_ፎቶ
ሰላም ለቤቱ። ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት አለኝ፤ የምሠራው ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ነው። የአጣዬ አካባቢ ነዋሪዎች በግጭቱ የተቃጠሉና የተዘረፉ 140 ገደማ ቤቶች እንዳነሳላቸው ጠይቀውኛል። ለካሳ ጥያቄም ለታሪክም፣ ምናልባት ነገ ለፍርድ ቤትም ይሆናል ይላሉ። ያለኝ ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ 24–70 እና 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አንድ ፍላሽና ሁለት ባለ 64 ጊጋ ሜሞሪ ነው። 5 ቀን ይበቃል ብያለሁ። ከየት ልጀምር? ኤዲት ማድረግ እስከ ምን ድረስ ነው? የሰዎቹስ ፊት?

ጣርማበር_ጉም
ወንድም ባሶ፣ ከሌንሱ በፊት ሂሳቡን እናስተካክል። አንድ ቤት ከነምዝገባው 20 ደቂቃ ይፈጃል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ብትሠራ፣ ከቤት ቤት መሄጃው፣ ምሳው፣ ቁልፍ የያዘውን ሰው መጠበቁ ሲቀነስ በቀን 18 ቤት ካዳረስክ ጎበዝ ነህ። ያ ማለት ወደ 8 ቀን ነው። በ5 ቀን ልጨርስ ካልክ የመጨረሻዎቹ 50 ቤቶች በጥድፊያ አንድ አንድ ፎቶ ይደርሳቸዋል፤ «የእገሌ ቤት 15፣ የኔ አንድ» የሚል ቅሬታ ይዘህ ትመለሳለህ።

ቅደም ተከተሉ በሰፈር አይሁን። መጀመሪያ ጣሪያ የሌላቸውን የጭቃ ቤቶች። ክዳኑ የተነሳ የጭቃ ግድግዳ አንድ ክረምት አይችልም፤ ምርጉ ሲታጠብ የጥይት ቀዳዳውም ጥላሸቱም አብሮ ይሄዳል። ድንጋይና ብሎኬት ይጠብቅሃል።

ለአንድ ቤት 15 ፎቶ ገደማ አስብ። የመጀመሪያው ሁሌ የወረቀት ፎቶ ነው፤ ቀበሌ፣ የቤቱ መለያ ቁጥር፣ ቀን፣ የአንሺው ስም በወፍራም ማርከር ተጽፎ ከቤቱ ፊት ተይዞ። ከዚያ ከሩቅ፣ ቤቱ ከነአካባቢው። እዚህ ላይ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ነገር አስገባ፦ ጋራ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ሚናራ፣ የመብራት ምሰሶ። ነገ ሌላ ሰው ቆመህበት የነበረውን ቦታ ማግኘት የሚችለው በእሱ ነው። ቀጥሎ አራቱ ማዕዘን ከውጭ፣ እያንዳንዱ ክፍል ከሁለት ተቃራኒ ጥግ፣ በመጨረሻ የቅርብ ፎቶ። የቅርቡ ሁለቴ ይነሳል፤ አንዴ እንዳለ፣ አንዴ ማስመሪያ አጠገቡ ተይዞ። ማስመሪያው ከቀዳዳው ጋር እኩል ወለል ላይ ካልተኛ፣ ካሜራውም ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ካልቆመ ልኬቱ ውሸት ይሆናል።

ለመላው ሥራ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ ሹተር (የመዝጊያው ፍጥነት) ከ1/125 ሰከንድ በታች አይውረድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) እስከ 3200 ቢወጣ አትፍራ። ሠርግ ላይ የለመድከውን ኤፍ 1.8 እርሳው፤ ጀርባው የደበዘዘ ማስረጃ ግማሹ የለም ማለት ነው። ፍላሽህንም ከካሜራው ላይ አውርደው። ፊት ለፊት የተመታ ግድግዳ ጠፍጣፋ ይሆንና ቀዳዳው ቆሻሻ ይመስላል። የጠዋት ፀሐይ ከጎን ሲመታው፣ ወይም አንድ ሰው የስልክ ባትሪ ግድግዳው ላይ አስጠግቶ በአግድም ሲያበራልህ የቀዳዳው ጠርዝና የተፈነቀለው ስሚንቶ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ስለ ቆርቆሮ አንድ ነገር። «ጣሪያው ተቃጠለ» እና «ጣሪያው ተወሰደ» የተለያዩ ናቸው። ማገሩና ወራጁ ሳይከስል ቆርቆሮው ከሌለ ተነቅሎ ነው፤ የምስማሩን ቀዳዳና ጠርዝ ላይ የቀረውን ቁራጭ አንሳ። የነደደ ቆርቆሮ ሽፋኑ ይለቀዋል (ዚንክ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል)፤ ከዚያ ዝናብ ሲነካው ቶሎ ይዝጋል። ግን ያረጀም ቆርቆሮ ይዝጋል፤ ስለዚህ ከሥሩ ያለውን እንጨት አብረህ ካላሳየህ ዝገቱ ምንም አያስረዳም።

ቀን_ቆጣሪ
ጣርማበር ያልነካው ትልቁ አደጋ የካሜራው ሰዓት ነው። ካሜራውን በሐበሻ ሰዓት የሞላ ሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያነሳው ፎቶ ፋይሉ ላይ 03፡00 ተብሎ ይቀመጣል። ጥላው የጠዋት፣ ሰዓቱ የሌሊት። የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉ አሉ፤ ካሜራ 13ኛ ወር አያውቅምና ጳጉሜን ሲመጣ ሁሉ ነገር ይዘበራረቃል። ስለዚህ ካሜራው ውስጥ የፈረንጅ ቀን፣ ባለ 24 ሰዓት፣ ቀጠናው አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ። በጽሑፍ መግለጫው ግን ሁለቱንም፦ «ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 1 ቀን 2021፣ ከጠዋቱ 3፡10»። ሲቀይሩ በየ4 ዓመቱ አዲስ ዓመት በሴፕቴምበር 11 ፋንታ 12 ላይ እንደሚውል አይረሳ፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አንድ ቀን ትስታለህ። በየቀኑ የመጀመሪያ ፎቶህ የስልክህ ሰዓት ይሁን፤ የካሜራው ሰዓት ቢዛነፍ እንኳ ልዩነቱ በዚያ ይታወቃል።

ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) እና ጄፔግ (የተለመደው የተጨመቀ ፎቶ) አንድ ላይ አንሳ። 140 ቤት በ15 ማለት 2,100 ፎቶ ነው፤ አንዱ እስከ 38 ሜጋ ቢይዝ ወደ 80 ጊጋ። ሁለቱ ሜሞሪዎችህ ይይዙታል፤ ግን ማታ ማታ ሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ ሳትገለብጥ ሜሞሪ ፎርማት አታድርግ። አንዱ ዲስክ ከአንተ ጋር አይደር፤ በማግስቱ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ታማኝ ሰው ይያዘው። የተበላሸም ፎቶ ቢሆን አታጥፋ። ከ0412 ወደ 0415 የዘለለ ቁጥር «መሀሉ ላይ ምን ነበር?» ያስብላል፤ የደበዘዘ ፎቶ ግን ማንንም አይጎዳም።

ከገለበጥክ በኋላ ሰቨን-ዚፕ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ፋይሎቹን መርጠህ በቀኝ ክሊክ የኤስኤችኤ-256 ቁጥር አውጣ። የፋይሉ አሻራ በለው፤ አንድ ነጥብ ቢነካ ቁጥሩ ፈጽሞ ይለወጣል። ዝርዝሩን በዚያው ማታ ለራስህና ለነዋሪዎቹ ኮሚቴ በኢሜይል ላክ፤ ፋይሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳልተነካ የምታስረዳው በዚያ ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ «እንደ ፎቶ» የሚላክ ነገር ይጨመቃል፣ ቀኑና ቦታውም ይነቀልለታል። የግድ ከሆነ «እንደ ፋይል» ይላክ።

ኤዲት፦ ኦሪጅናሉ አይነካም። በኮፒው ላይ ብርሃን ማስተካከል፣ ማቅናት ይቻላል። ማጥፋት፣ መጨመር፣ ሁለት ፎቶ ማጋጠም ክልክል። ብራያን ዋልስኪ የሎስ አንጀለስ ታይምስ ፎቶ አንሺ ሳለ በ2003 በፈረንጅ ኢራቅ ውስጥ ባስራ አጠገብ ያነሳቸውን ሁለት ፎቶዎች ቅንብሩ እንዲያምር አጋጥሞ አንድ አደረጋቸው፤ የተባረረው ወዲያው ነው። ዕቃ ማንቀሳቀስም ያው ነው። የተቃጠለ አሻንጉሊት አንስቶ ደጃፍ ላይ ማስቀመጥ ፎቶውን ያሳምረዋል፣ ማስረጃውን ይገድለዋል። በ1863 በፈረንጅ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ጌቲስበርግ ላይ የፎቶ አንሺው የአሌክሳንደር ጋርድነር ቡድን የአንድ ወታደር ሬሳ ተሸክሞ ወስዶ ሌላ ቦታ እንዳነሳው ከመቶ ዓመት በኋላ ሳይቀር ታውቋል፤ የታወቀውም ሌሎቹን ፎቶዎች በማስተያየት ነው።

መግለጫ ስትጽፍ ያየኸውንና የሰማኸውን ለይ። «ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ጣሪያው የለም፣ ወራጁ ከስሏል» ያየኸው ነው። ማን አቃጠለው፣ መቼ፣ የሚለው «ባለቤቷ እንደተናገሩት» ተብሎ ይግባ። ፎቶ እሳቱን እንጂ አቃጣዩን አያሳይም።

የሮቢት_ቆላ
ጥሩ ብላችኋል። እኔ ደግሞ ቀለህ ካገኘ ሰብስቦ ይያዝ እላለሁ፤ የማን ጥይት እንደሆነ በቁጥሩ ይታወቃል። ለደኅንነቱም አይስጋ፤ የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 79 ጋዜጠኛን እንደ ሲቪል ይጠብቃል።

ሕግና_ሌንስ
ሮቢት፣ ሁለቱም ላይ አልስማማም።

ቀለህ አይነሳም፤ ባለበት ፎቶ ይነሳል። ታችኛው ላይ የተመታው ምልክት ብዙ ጊዜ ፋብሪካውንና የተሠራበትን ዓመት ይናገራል፣ ተኳሹን አይናገርም። አንድ ዓይነት ጥይት በሁሉም ወገን እጅ አለ። የሚጠቅመው ርዝመቱ ነው፦ የክላሽ 39 ሚሊሜትር ገደማ፣ የፒኬኤም መትረየስ 54 ሆኖ ታቹ ላይ የወጣ ጠርዝ አለው፣ የዲሽቃ (ከባድ መትረየስ) 108። ርዝመቱ የመሣሪያውን ዓይነት ይለያል፤ ዲሽቃ ደግሞ አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞ የሚተኩሰው አይደለም። የክላሽ ቀለህ ታቹ 11 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ባሶ 50 ሌንስህ ያን ያህል ተጠግቶ ፎከስ አያደርግም፤ እዚህ ላይ ስልክህ ይሻላል።

ያልፈነዳ ነገር ካየህ፦ ቁም፣ አትንካ፣ በመጣህበት ዱካ ተመለስ። ተጠግቶ ማንሳት የለም፤ 24–70ውን 70 ላይ አድርሰህ ከቆምክበት አንድ ፎቶ፣ ከዚያ ለፖሊስ ወይም ለመከላከያ። ፍርስራሽ ውስጥ ደግሞ ባለቤቱ ያልረገጠውን ክፍል አንተ አትርገጥ።

አንቀጽ 79 የተጻፈው በአገሮች መካከል ለሚደረግ ጦርነት ነው። የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ጋዜጠኛ የሚጠበቀው ሲቪል በመሆኑ ነው፤ ይህንኑ የሚለው የልማዳዊ ዓለም አቀፍ የጦርነት ሕግ ደንብ 34 ለሁለቱም ዓይነት ጦርነት ይሠራል። ምርኮኛን ለሕዝብ ትርኢት ማውጣት የሚከለክለው የ3ኛው ጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 13ም እንደዚያው ነው፤ በእርስ በርስ ጦርነት የሚመጣው አራቱም የጄኔቫ ስምምነቶች የሚጋሩት አንቀጽ 3 ነው፣ ሰብዓዊ ክብርን ማዋረድ ክልክል ይላል። ለካሜራ ያው ነው፦ የተያዘ ሰው ፊቱ አይነሳም።

ሕጉ ደግሞ ጥይት አይመልስም። በሐምሌ 2007 በፈረንጅ ባግዳድ ላይ የሮይተርሱ ናሚር ኑርኤልዲንና ረዳቱ ሰኢድ ሽማግ ከሄሊኮፕተር በተተኮሰ ተገድለዋል፤ ሌንሱን የተመለከቱት ወታደሮች አርፒጂ መስሏቸው ነበር። ስለዚህ ኬላ ስትደርስ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው ክፍት፣ እጅ በግልጽ። የወታደር ቀለም ያለው ጃኬት፣ ሬንጀር ሱሪ አይለበስ። የወረዳውን ደብዳቤ ኦሪጅናሉን አንተ ያዝ፣ ኮፒውን ለኬላ። ኬላን፣ ካምፕን፣ የታጠቀን ሰው አታንሳ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብም።

ቱርኒኬት (ደም ማቆሚያ ማሰሪያ) ግዛ፤ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር በላይ ይታሰራል፣ መገጣጠሚያ ላይ አይደለም፤ ደሙ እስኪቆም ይጠበቃል። ፎቶ ጋዜጠኛው ቲም ሄተሪንግተን በ2011 በፈረንጅ ሊቢያ ውስጥ ሚስራታ ላይ የሞተው ጭኑ ላይ በፈሰሰ ደም ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ለፍሪላንስ (ተቀጣሪ ላልሆኑ) ጋዜጠኞች የደም ማቆም ሥልጠና የሚሰጥ ድርጅት የተቋቋመው። የታሰረበትን ሰዓት ስትጽፍ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ጨምር። ቀን_ቆጣሪ ያለው የሰዓት ጣጣ እዚህ እግር ያስቆርጣል።

ባሶ_ፎቶ
እግዜር ይስጥልኝ። 8 ቀን እንዲሆን ነግሬያቸዋለሁ። የሰዎቹ ፊት ጉዳይ ግን አልተመለሰም፤ አንዳንድ እናቶች «አንሳኝ፣ ስሜ ይውጣ» ይላሉ፣ ሌሎቹ ከጀርባ ብቻ።

ወለተ_መንዝ
«አንሳኝ» ያሉትንም ሁለት ጊዜ ጠይቃቸው፤ አንዴ ያኔ፣ አንዴ ሥራህን ስትጨርስ። መጀመሪያ የጠየቅካቸው ኮሚቴው አጠገባቸው ቆሞ ከሆነ ፈቃድ አይባልም። ስምምነቱን በአማርኛ፣ ወይም ሰውየው በሚናገረው ቋንቋ፣ በድምፅ ቅዳ፦ ለካሳ ፋይል ብቻ? ለጋዜጣ? ለኢንተርኔት? ሦስቱ ለየብቻ ይጠየቃሉ። ጾታዊ ጥቃት የደረሰባት ሴት ከሆነች ጥያቄውን ሴት ትጠይቃት፤ ካሜራ የግድ አይደለም።

ከጀርባ ማንሳት ብቻውን አይሸሽግም። የአንገት ንቅሳት፣ የቀሚስ ጥልፍ፣ የሹሩባ አሠራር፣ ጫማ፣ ከኋላ የሚታይ ደጃፍ፤ የመንደሩ ሰው በአንዱ ይለያታል። እጅ ብቻ አንሳ፣ እሱም ቀለበት ካለው አይሆንም። በመስኮት ብርሃን ፊት አጥቁሮ ማንሳት ደግሞ የታወቀ ወጥመድ ነው። ጄፔጉ ላይ ጥቁር የሆነ ፊት ሮው ፋይሉ ላይ ብርሃኑ ሦስት አራት ደረጃ ሲነሳ ብቅ ይላል። ስለዚህ ፊቱ ከፍሬሙ ውጭ ይሁን። ፊትን በሞዛይክ (በካሬ ነጠብጣብ) ከማደብዘዝ በጥቁር ሙሉ ሸፍኖ አዲስ ፋይል አድርጎ ማውጣት ይሻላል።

በፋይሉ ውስጥ ያለው የቦታ ቁጥር (ጂፒኤስ) ለኮሚቴው ኦሪጅናል ላይ ይቆይ። ወደ ውጭ የሚወጣው ኮፒ ላይ ግን ይነቀል፤ አምስት አኃዝ ከነጥብ በኋላ ማለት አንድ ሜትር ድረስ ነው፣ ተፈናቅላ የተመለሰች ሴት የምትተኛበትን ቤት ያሳያል።

ጣርማበር_ጉም
አንድ የቀረ። ማለዳ ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስተህ ጣርማበርን ከ3,000 ሜትር በላይ አልፈህ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ስትወርድ የቀዘቀዘ ካሜራ ከቦርሳ ካወጣህ ሌንሱ ላብ ይይዛል፤ ውስጡ ከገባ ጨርቅ አያወጣውም። ማታ ከመተኛትህ በፊት ካሜራውን ፌስታል ውስጥ አየሩን አውጥተህ ቋጥረው። ቆላ ስትደርስ ሳትፈታ 30 ደቂቃ አቆየው፤ ላቡ ፌስታሉ ላይ ይቀራል። አጣዬ ላይ ደግሞ ነፋስ ሲነሳ አመዱ አብሮ ይነሳልና ሌንስ ውጭ አትቀይር። 24–70ውን ጠዋት ግጠም፣ እስከ ማታ አትንቀለው።