ለሸክላም ለቲቪም የሚሆን የመጀመሪያ ስቴሪዮ፣ ምን ልግዛ?

የፋዘር ሸክላ

ሰላም ቤተሰብ፣ የምታውቁ እስቲ ምከሩኝ ግራ ገብቶኛል። ፋዘር ከድሮ ጀምሮ ያጠራቀማቸው ሸክላዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ትንንሾቹ 45ቶች (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት) ናቸው፣ አሳታሚያቸው አምሃ ሪከርድስ፣ ካይፋ፣ ፊሊፕስ የሚሉ፣ ከ60 ይበልጣሉ፣ ስድስት ሰባት ትልልቅ ኤልፒም አለ። ሃያ አመት ሙሉ ቡፌው ስር ካርቶን ውስጥ ነበሩ፣ ማጫወቻው ከተበላሸማ ስንት ዘመኑ። አሁን እኔ ኮንዶሚኒየም ገብቼ ለብቻዬ መኖር ስጀምር "ውሰዳቸው፣ ግን አጫውታቸው፣ ለጌጥ ከሆነ እዚሁ ይቀመጡ" ብሎ ሰጠኝ።

ቲቪዬ 50 ኢንች ስማርት ነው፣ ምስሉ አሪፍ ነው ድምፁ ግን በጀርባው ስለሚወጣ ዜና አንባቢው ባልዲ ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ነው ሚመስለው። ስለዚህ አንድ ስቴሪዮ ገዝቼ ሸክላውንም ቲቪውንም እሱ ላይ ላገናኝ ብዬ አሰብኩ። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ሁሉም መጀመሪያ ጥሩ ሪሲቨር ግዛ ይላል፣ እኔ ደሞ ሪሲቨር አለኝ ግን ሸክላ የሚሰካበት ቀዳዳ አላየሁበትም። ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ከአሜሪካ ይመጣል፣ ሻንጣው ውስጥ ትንሽ ቦታ ይሰጠኛል። እሱ ቢያመጣልኝ ይሻላል ወይስ መርካቶ ልዙር? ባጀቴ 300 ዶላር አካባቢ ነው፣ ሳሎኑ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ደሞ ታውቁታላችሁ፣ ጎረቤት ሲያስል ይማርህ ነው ምንለው።

ሽቦ ቀጣይ

ሃሃሃ ወንድሜ አለኝ ያልከው ሪሲቨር የዲሽ ነው አይደል፣ አይዞህ እኔም መጀመሪያ እዛ ላይ ነው የተደናበርኩት። እነሱ ሪሲቨር የሚሉት አምፕሊፋየርና ሬዲዮ አንድ ላይ ያለበትን ትልቁን ሳጥን ነው፣ ስፒከሮቹ ጉልበት የሚያገኙት ከሱ ነው። ላንተ ቤት ግን እሱም አያስፈልግህም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሸክላ መርፌ የሚያወጣው ሲግናል ሚጢጢ ነው፣ 5 ሚሊቮልት ቢሆን ነው፣ ዲቪዲ ወይ ዲሽ በቀይና ነጭ ገመድ የሚልከው ግን እስከ 2 ቮልት ይደርሳል፣ ስለዚህ ማጫወቻውን ቀጥታ ኦክስ (ሌላ መሳሪያ የሚሰካበት ተራ የድምፅ መግቢያ) ላይ ብትሰካው ሙዚቃው ከሶስተኛ ጎረቤት የሚመጣ ነው ሚመስለው። ማነሱ ብቻም አይደለም፣ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሰው ቀጭኑን ጨምረው ነው፣ ቤዙ እንዳለ ቢቀረጽ መስመሩ በጣም ይሰፋና አንድ ፊት ላይ የሚገባው ሙዚቃ ያጥራል። ያንን መልሶ የሚያስተካክለውና ድምፁን የሚያሳድገው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው እቃ ነው፣ ያለሱ ጥሩምባው ብቻ እየጮኸ ቤዝ ጊታሩ የት እንደገባ አታውቅም።

ስለዚህ እኔ ብሆን ፕሪአምፑ ውስጡ ያለ ማጫወቻ እና አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ ስፒከር እገዛለሁ፣ በቃ ሁለት እቃ። ማጫወቻው ኦዲዮ ቴክኒካ ኤልፒ60ኤክስ ይበቃሃል፣ 33ም (የኤልፒው ፍጥነት ነው) 45ም ይጫወታል፣ ቁልፍ ስትጫን ክንዱ ራሱ ሄዶ ይቀመጣል ሲያልቅ ራሱ ይመለሳል፣ ሶስት ኪሎ እንኳን አይሞላም ስለዚህ ለሻንጣ ይመቻል። ጉዳቱ ካርትሪጁ (መርፌዋ የምትሰካበት ቁራጭ) አይቀየርም፣ መርፌው ብቻ ነው ሚቀየረው። ስፒከሩ ኤዲፋየር አር1280ዲቢ ወይ የዚያ አይነት፣ ቀይና ነጭ መግቢያ አለው ለሸክላው፣ ኦፕቲካል (ድምፁን በብርሃን የሚወስድ ገመድ የሚሰካበት) አለው ለቲቪው፣ ብሉቱዝም አለው፣ ሪሞት አለው። ሁለቱ ተደምረው 300ው አካባቢ ነበሩ፣ የአሁኑን ዋጋ ወንድምህ ይይልህ። ከማጫወቻው ኋላ ፎኖ እና ላይን የምትል ማብሪያ አለች፣ ላይን ላይ አድርጋት፣ ፕሪአምፑ የሚሰራው ያኔ ነው፣ ድምፁ አነሰ እያልክ ሶስት ቀን እንዳትንከራተት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁት

ሽቦ ቀጣይ ያለው ልክ ነው ግን ወንድምህ ከዚህ ከአሜሪካ ሲገዛ አንድ አደራ አለኝ፣ እኔ የሰራሁትን እንዳይሰራ።

የዛሬ አራት አመት ለአጎቴ ብዬ ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ ዘርግተው ከሚሸጡት እቃ አንድ የድሮ ማጫወቻ በ40 ዶላር ገዛሁ፣ ምን የመሰለ እንጨት ያለው፣ ክብደቱ የበግ ያህል። ፎጣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመርም ጨምሬ፣ ለልብስ ቦታ ሳይቀረኝ ሳሪስ ድረስ ወሰድኩት። ቡና ተፈልቷል፣ ጎረቤት ተጠርቷል፣ አጎቴ የወጣትነቱን ሸክላ አወጣ፣ መርፌዋን አሳረፍን፣ ዘፋኙ ጀመረ፣ ግን እንዴት ብሎ፣ የእንቅልፍ ኪኒን ውጦ ነው ሚመስለው። ሁሉም ዝም አለ። አጎቴ ጆሮውን ጣል አድርጎ ሰማና "ይሄ ሰውዬ ታሞ ነው እንዴ የዘፈነው" አለ።

ለካ ትራንስፎርመር ቮልቱን ነው እንጂ ኸርዙን፣ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አይቀይርም። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው ኢትዮጵያ 50፣ የድሮዎቹ ብዙዎቹ ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚለካው ከመብራቱ ኸርዝ ነው፣ ስለዚህ 45 መዞር ያለበት 37 ተኩል ይዞራል፣ ድምፁም ሶስት ሴሚቶን ያህል፣ ፒያኖ ላይ ሶስት ቁልፍ ማለት ነው፣ ይወርዳል፣ ዘፋኝ የነበረው ቀብር ላይ ያለ ይመስላል። ለአንዳንዱ ሞዴል የ50 ኸርዝ ፑሊ (ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ መዘውር) ይገኛል፣ ለኔው ግን አጣሁ። አሁን እዛው ሳሪስ የአበባ ማስቀመጫ ተደርጎበታል።

አዲሶቹ ከውጭ የመብራት አዳፕተር ያላቸው፣ ሞተራቸው በዲሲ የሚሰራ ስለሆነ ይሄ ችግር የለባቸውም። ወንድምህ አዳፕተሩ ላይ ያለውን ጽሁፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ፣ 100 እስከ 240፣ 50/60 ካለ ያምጣው። 120 ብቻ ካለ አዳፕተሩን እዛው አዲስ አበባ በልኩ የሚሆን አግኝተህ መቀየር ነው። ስፒከሩም እንደዛው፣ እሱ እንደውም ባሰ፣ መብራቱ ቀጥታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ 120 የሚል ከሆነ 220 ላይ ሰካኸው ማለት ጭሱን አየኸው ማለት ነው።

የጉለሌ ልጅ

እኔ በዚህ አልስማማም። አዲስ ፕላስቲክ ከሚያስጭኑህ ምናለሽ ተራ ሂድና የድሮ የጃፓን አምፕሊፋየር ፈልግ፣ ከኋላው ፎኖ የሚል ያለው፣ ባለ ሁለት ስፒከር። ድምፁ ሌላ ነው፣ ሙቀት አለው። ቲቪው ከሆነ ችግርህ ደሞ ሳውንድባር (ቲቪ ስር የሚቀመጥ ረጅሙ ስፒከር) ግዛና ተገላገል።

ሽቦ ቀጣይ

የጉለሌው ልጅ እኔ ራሴ ቤት ያለኝ የድሮ ነው፣ እወደዋለሁም፣ ግን ለጀማሪ አይሆንም። የድሮው አምፕሊፋየር ቮልዩሙን ስታዞረው ክርክር ይላል፣ አንዱ ጎን ይጠፋል፣ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ደክሟል፣ የሚያስተካክልልህ ሰው ካላወቅክ ሁለተኛ ዋጋ ነው። ኦፕቲካል የሚባል ነገርም የለውም ስለዚህ ለቲቪው ሌላ መቀየሪያ ሳጥን ልትገዛ ነው። ሰውዬው ወንድሙ በሚቀጥለው ወር ይመጣል እያለ ነው እኮ። ሳውንድባር ደሞ ለፊልም ደህና ነው፣ ለሸክላ ግን ብዙዎቹ ቀይና ነጭ መግቢያ እንኳን የላቸውም፣ ግራና ቀኙም አንድ ክንድ ተኩል ርቀት ላይ ነው ያለው።

አንድ የምቀበልህ ነገር፣ አምፕሊፋየር የሚገዛ ሰው ፎኖ የሚል ጽሁፍና አጠገቡ የግራውንድ ብሎን ያለው ይፈልግ። ማጫወቻው ከቀይና ነጩ ጋር ቀጭን ሽቦ ካለው እዛ ብሎን ላይ ትታሰራለች። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደ ንብ "እምምም" ሲልብኝ ማከፋፈያ ቀየርኩ፣ ገመድ ቀየርኩ፣ የቤቱን ኧርዝ ሰው አስፈትሼ ብር ከፈልኩ፣ ለካ ያቺ ሽቦ ከሶፋው ኋላ ወድቃ ተኝታለች።

እመ ሸክላ

ስለ እቃው ወንዶቹ ብለዋል፣ እኔ ስለ ሸክላው ልበል፣ የኔ ወንድም ያ ካርቶን ውስጥ ያለው ሃያ አመት ተቀምጧል ብለሃል። እንዳለ መርፌ እንዳታስቀምጥበት። እኛ ቤት የእናቴን ስናወጣ አቧራ ብቻ አልነበረም፣ የእጣን ጭስ ከዘይት ጋር ተጣብቆ ቡኒ ሆኖ ነበር፣ መርፌው አንድ ዘፈን ሳይጨርስ ጥጥ የመሰለ ኳስ ሰበሰበ። እኔ ምሰራው ለብ ያለ የተጣራ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የእቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ መስመሩን ተከትዬ በክብ እንጂ አቋርጬ አይደለም፣ መሃል ያለው ወረቀት ውሃ እንዳይነካው፣ ከዛ በንጹህ ውሃ ደግሜ ጥላ ላይ አቁሜ አደርቀዋለሁ። ፀሃይ ላይ እንዳታሰጣው እንደ ድርቆሽ ይጣመማል። ምናልባት ከመሃላቸው ከባዱና ተሰባሪው 78 (በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ ሸክላ) ካለ አልኮል እንዳታስነካው ይሟሟል፣ እሱን የሚያጫውተው መርፌም ሌላ ነው፣ ወፍራም።

ከ45ቶቹ መሃላቸው ትልቅ ቀዳዳ ያለው ካለ ቀዳዳውን የምትሞላውን ክብ አዳፕተር አስገባባት፣ ማጫወቻው ጋር ትመጣለች፣ ልጆች እንዳይጥሏት።

ቦታ ላይ ደሞ፣ ማጫወቻውንና ስፒከሩን አንድ ቡፌ ላይ አታስቀምጥ፣ የስፒከሩ ንዝረት ወደ መርፌው ተመልሶ ያጓራል። ኮንዶሚኒየም ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ እድለኛ ነህ፣ እኛ የድሮ ቤት ጣውላ ነው፣ አንድ ሰው ከጓዳ ሲመጣ መርፌዋ ዘፈን ትዘላለች፣ እንግዳ ሲመጣ ተቀመጡ አትነሱ ነው ምንለው።

የፋዘር ሸክላ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ እመ ሸክላ በተለይ፣ ልክ እንዳልሽው ቡኒ ነገር ነው ያለው። ለወንድሜ ሁለቱንም ስም ልኬለታለሁ፣ አዳፕተሩን አይቶ ሊያሳውቀኝ ነው። ቲቪው ኋላ ኦፕቲካል አለ፣ ቀይ መብራት የምታበራ ጠባብ ቀዳዳ። ብሉቱዙ ካለ ግን ለምን በገመድ?

ሌላ ደሞ ጉድ። ፋዘር ቤት ሄጄ ቁም ሳጥን ላይ የድሮውን ማጫወቻ አገኘሁት፣ ገልብጬ ሳየው 220 ቮልት 50 ኸርዝ ይላል። ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን አንስቼ ውስጡን ስነካው ጥቁር ነገር እጄ ላይ ተለጠፈ፣ ሬንጅ ነው ሚመስለው፣ በሳሙና አልለቅ አለኝ፣ ነጭ ሸሚዝ ነበር የለበስኩት።

ሽቦ ቀጣይ

ብሉቱዝ ለሙዚቃ ምንም አይደል፣ ለቲቪ ግን ድምፁ ስለሚዘገይ የሰውዬው አፍ ይቀድምና ቃሉ ኋላ ይመጣል፣ ያበሳጭሃል። ኦፕቲካሉን ሰካና ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ አወጣጡን ፒሲኤም (ያልታመቀው ተራ ዲጂታል ድምፅ) አድርገው፣ ካለዚያ ስፒከሩ ዝም ሊልብህ ይችላል። ቮልዩሙን በስፒከሩ ሪሞት ነው ምትቆጣጠረው፣ የቲቪው አይሰራልህም ብለህ አስበው።

ሬንጁ ቺንጋ ነበር ሃሃ፣ ሞተሩን ከሳህኑ ጋር አገናኝቶ የሚያዞረው ጎማ፣ የድሮ ጎማ ሲያረጅ እንደዛ ነው ሚቀልጠው። ጥጥ በአልኮል ነክረህ ፑሊውንም ሳህኑ ስር ያለውንም ክብ እስኪነጣ ጥረገው። ከዛ ቺንጋው በሚዞርበት መንገድ ክር አዙረህ ርዝመቱን ለካ፣ የምትገዛው ቺንጋ ከሱ ትንሽ ያጠረ ይሁን፣ ከመቶ አምስት እጅ ያህል፣ እንዲወጠር። መርፌው ካለቀ ግን በቺንጋ ብቻ እንዳትሞክረው፣ የሚበላው የአባትህን ሸክላ ነው። መብራት ላይ ከመሰካትህ በፊትም አንድ የሚያውቅ ሰው ውስጡን ይየው፣ ያን ሁሉ አመት ተኝቷል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁት

220/50 ያለው ማጫወቻ እያለህ ነው እንዴ እስካሁን ዝም ያልከው፣ እኔ የበግ ክብደት ተሸክሜ ውቅያኖስ ተሻግሬ።

የፋዘር ሸክላ

ክሩን አዙሬ ለካሁት 52 ሴንቲ ሆነ፣ ከሱ ያጠረ ቺንጋ ፈልግ ብዬ ለወንድሜ ላክሁለት፣ ቺንጋማ ኪሴ ውስጥም ይገባል አለኝ። አዲሱን ግን አልሰረዝኩም፣ የድሮው እስኪሰራ በሱ እሰማለሁ። ለፋዘር ነገሩን ስነግረው ምንም አላለም፣ ማታ ላይ ግን ደውሎ ከ45ቶቹ አንዷ፣ ቢጫ ወረቀት ያላት፣ ሁለተኛው ፊቷ ላይ ጭረት አለ ከሱ እንዳትጀምር አለኝ።