የጋራዥ ግቢ የነበረ መሬት ላይ ጎመን ልትከል?

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ፦ አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ከቤታችን ጀርባ ያለው ቦታ ለዓመታት ለጋራዥ ተከራይቶ ነበር። አንዱ ጥግ ላይ አሮጌ ባትሪ ሲሰብሩበት ኖረዋል፤ ሌላው በተቃጠለ ዘይት ጠቁሯል። አሁን ያለ ማዳበሪያና ያለ መድኃኒት ጎመን፣ ሰላጣና ካሮት ላመርትበት አስቤያለሁ። የሱፍ አበባ አንድ ክረምት ቢዘራ መርዙን መጦ ይጨርሰዋል አሉኝ። እውነት ነው? ትንንሽ ልጆች ስላሉኝ ፈራሁ።

የአፈር ባለሙያ፣ ከደሴ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ግን ሁለቱን ጥጎች ለያይተህ እያቸው። ዘይቱ ይበሰብሳል፦ ብስባሽ ቀላቅለህ፣ አልፋልፋ የሚባለውን የከብት መኖ ወይም ሣር ዘርተህ እርጥበቱን ከጠበቅህለት ሥሩ ዙሪያ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ቀስ በቀስ አብዛኛውን ይበሉታል። የባትሪው እርሳስ ግን ብረት ነው፤ አይበሰብስም። አፈሩን አጥብቆ ስለሚይዝ ተክል የሚስበው ጥቂት ነው። የሱፍ አበባም ሰናፍጭም በአንድ ክረምት አይጨርሱትም፤ ብዙ ካለ አሥርት ዓመታትም ላይበቁ ይችላሉ። እርሳሱን በኬሚካል አሟሙተው ተክሉ እንዲስበው የሚያደርጉ አሉ፤ ወደ ጉድጓድ ውኃ ሊወርድ ስለሚችል እንዳትሞክረው።

አርሶ አደር፣ ከሐይቅ፦ የኑክሌር ጣቢያ የፈነዳበት ቼርኖቤል ላይ በሱፍ አበባ አጽድተዋል ሲባል ሰምቼ ነበር እኮ?

የአፈር ባለሙያ፦ እሱ እውነት ነው፣ ግን ኩሬ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሱፍ አበባውን ውኃው ላይ አንሳፍፈው ሴሲየምና ስትሮንሺየም የሚባሉ ጨረር አመንጪ ነገሮችን እንዲስብ አድርገዋል። ከውኃ መሳብና አፈር ከያዘው እርሳስ ጋር መታገል ለየቅል ነው።

እናት፣ ከወልድያ፦ ልጄ፣ የአገዳውን ነገር ልንገርህ። ለማጽዳት የተዘራ ከሆነ ለላም አይሰጥ፣ ምድጃ አይግባ፣ ፍሬውም ለፍትፍት አይወቀጥ። የሳበው መርዝ እዚያው ውስጡ ነው። ብስባሽ ጉድጓድ ከከተትከውም ተመልሶ መሬትህ ላይ ይወድቃል።

ጠያቂ፦ አላህ ይስጥልኝ እትዬ። ታዲያ ምን ላድርግ?

የአፈር ባለሙያ፦ በቅድሚያ አስመርምር። ከየጥጉ ከብዙ ቦታ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ውሰድ፣ የባትሪውን ከሌላው አትቀላቅል። የተለመደው ምርመራ አሲዳማነትና ንጥረ ነገር ብቻ ስለሚያሳይ «እርሳስና ካድሚየም (ሌላው መርዛማ ብረት ነው) ይታይልኝ» ብለህ በስም ጠይቅ። ውጤቱ እስኪመጣ የባትሪውን ጥግ አትቆፍር፤ ሣር አልብሰው፣ ዳር ዳሩን ቬቲቨር የሚባለውን ረጅም ሣር ትከል። ሥሩ እስከ 3 ሜትር ይወርዳል፣ ብረቱንም በአብዛኛው ሥሩ ላይ ይይዘዋል፤ አፈሩም በጎርፍ ታጥቦ ቦርከና ወንዝ አይገባም።

አትክልቱን ከሌላ ቦታ ባመጣኸው ንጹሕ አፈር፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ አድርገው። መሬቱ ላይ በቀጥታ የምትተክል ከሆነ ግን ካሮትና ቅጠላ ቅጠል ይቆዩ፤ ቲማቲምና ቃሪያ ፍሬያቸው ውስጥ እርሳስ እምብዛም አያስገቡም። ልጆቹን የሚጎዳቸው በብዛት በእጃቸው ወደ አፋቸው የሚገባው አቧራ ነውና ከግቢ ሲገቡ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፣ ጫማም በር ላይ ይውለቅ።